ጠርቶ ባደረ ሰማይ ሥር የሚያፈስ ጣሪያ፦ ስለ መታጠቢያ ቤት አየር ማውጫና ስለ ጤዛ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የንግግሬን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስታዩ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን ሰምቻለሁ። ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች በሚነገርበት አዳራሽ ስለ መታጠቢያ ቤት ፋን ለመናገር መቆም ጥቂት ድፍረት ሳይጠይቅ አይቀርም። ሆኖም በሥራ ዘመኔ ያየኋቸውን የቤት ጉዳቶች መለስ ብዬ ስቈጥር፣ በጭነት ብዛት ከተሰነጠቀው ይልቅ ማንም ልብ ሳይለው ቀስ በቀስ በውሃ የተበላው ይበልጣል። አባቶች «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ እያሳሳቀ ስለሚወስደው ውሃ ነው።

ነገሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መኖሪያ ቤት ሥራ እቈጣጠር ነበር። መታጠቢያ ቤቱ በክፍሎች መካከል የተከበበ ስለ ነበር መስኮት አልነበረውም። ስለዚህ ኮርኒሱን ቀድደን በገበያ «ኤግዞስት ፋን» የሚባለውን የአየር ማውጫ ገጠምን። ማብሪያው ሲነካ ይዞራል፤ ወረቀት ሲጠጋለት ስቦ ያጣብቃል። እኔም በዚህ ረክቼ ፈረምሁ፤ ርክክብ ተፈጸመ።

ክረምቱ በሰላም አለፈ። ኅዳር አጋማሽ ላይ የቤቱ ባለቤት ጠሩኝ። የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ቡናማ ክብ አውጥቷል፤ ጠዋት ጠዋትም ይንጠባጠባል። እኔ ምንም ሳልመረምር ቆርቆሮውን የመቱትን ባለሙያ አስጠራሁ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ጣሪያው ላይ ወጥተው ሚስማሩን አንድ በአንድ ፈተሹና «ልጄ፣ ቆርቆሮው ደኅና ነው» አሉኝ። እኔ ግን «ጋሼ፣ ደኅና ከሆነ ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?» ብዬ ሞገትኋቸው። መልስ ስላልነበራቸው የሚስማሩን ራስ ሁሉ በማስቲሽ ደፈኑ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮርኒሱ እንደ ገና አፈሰሰ። እንደ ገና አስጠራኋቸው፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ቆርቆሮ በራሳቸው ወጪ ለወጡ። ታኅሣሥ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያፈስስ ግን ሽማግሌው መሰላሉ ሥር ቆመው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ለመሆኑ ዝናብ ከዘነበ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ከአንድ ወር በላይ ሆኖት ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ በኮርኒሱ መግቢያ ወደ ጣሪያው ሥር ገባሁ። ባትሪዬን ሳበራ የቆርቆሮው የውስጥ ፊት በጠብታ ተሸፍኖ ያብረቀርቃል። የሚስማሩ ጫፍ ሁሉ አንዳንድ ጠብታ ይዟል። ከፋኑ የተነሣው ተጣጣፊ ቱቦ ሁለት ሜትር ያህል ሄዶ አንድ አግዳሚ እንጨት ላይ ጋደም ብሎ ቀርቷል፤ ወደ ውጭ አልወጣም። መካከሉ ወደ ታች ረግቦ ስለ ነበር ብድግ ሳደርገው ውስጡ ያቈረው ውሃ በእጄ ላይ ፈሰሰ። ቤተሰቡ ማታ ማታ ሲታጠብ የሚነሣውን እንፋሎት ሁሉ ፋኑ በታማኝነት እየሳበ ወደ ጣሪያው ሥር ሲያጠራቅመው ከርሟል። ዝናቡን ከቤቱ ውስጥ ያዘነብሁት እኔ ነበርሁ። ለሽማግሌው ወጪያቸውን መለስሁ፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። በሁለቱ ወራት ውስጥ በሠፈሩ ላይ የወጣባቸውን «የሚያፈስ ጣሪያ ይመታሉ» የሚል ስም ግን መመለስ አልቻልሁም።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ከዚያ ጠዋት የተማርሁት ነው። ፋን ውሃ አያጠፋም፤ ውሃ ያዛውራል። ስለዚህ ፋን የገጠመ ሰው ሥራው የሚያበቃው ፋኑ ሲዞር ሳይሆን፣ የተሳበው እርጥበት ከሕንፃው ውጭ በነፋስ ሲበተን ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሁሉ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። አየር ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን በሙቀቱ ይወሰናል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢበዛ 23 ግራም ያህል ተን ይይዛል። በ10 ዲግሪ የሚይዘው 9.4 ግራም ብቻ ነው፤ በ5 ዲግሪ ደግሞ ወደ 6.8 ግራም ይወርዳል። ሞቅ ያለውና በእንፋሎት የጠገበው የመታጠቢያ ቤት አየር ወደ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲገባ መሸከም ያቃተውን እዚያው ይጥላል። አየሩ ተኑን መጣል የሚጀምርበትን የሙቀት መጠን የጤዛ ነጥብ እንለዋለን።

መጠኑን በሒሳብ እንየው። አንድ ፋን በሰከንድ 15 ሊትር አየር ያወጣል እንበል። በ20 ደቂቃ 18 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ይህ አየር በ25 ዲግሪ ጠግቦ ቢነሣና በመንገዱ እስከ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 13.6 ግራም ውሃ ይጥላል፤ በድምሩ 245 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ውሃ። ይህ የመጨረሻው ከፍተኛ ግምት ነው፤ አየሩ በአጭር ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይቀዘቅዝም፤ እየቈየም እርጥበቱ ይቀንሳል። የዚህን አንድ ዐሥረኛ ብቻ ብንወስድ እንኳ በአንድ ሰው መታጠብ ከሁለት የሻይ ማንኪያ የማያንስ ውሃ ነው። አራት ሰው በየቀኑ በሚታጠብበት ቤት ይህ በወር ወደ ሦስት ሊትር ይጠጋል። ያን ያህል ውሃ በየወሩ ባሕር ዛፍ ማገር ላይ የሚያፈስስ ሰው ብናይ እብድ እንለው ነበር።

የኛ ከተማ ደግሞ ለዚህ ነገር የተመቸች ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት በብዙ ሠፈር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቆርቆሮ ደግሞ ከሌሊቱ አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ይህን ጉዳይ ግልጽ ያደረገው ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ በለንደን ይኖር የነበረ ሐኪም ነው። በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ጤዛ ያደረገው ጥናት፣ ክብደታቸው የታወቀ ጥቂት የሱፍ ጥቅሎችን ሌሊት በአትክልት ቦታ እያኖረ ጠዋት ይመዝናቸው ነበር። ሰማዩን በቀጥታ የሚያየው ሱፍ ብዙ ጤዛ ሲጠጣ፣ ከሣንቃ ሥር የተጠለለው ጥቂት ብቻ ያገኛል። ምክንያቱም ሰማይ በጠራ ሌሊት ወደ ላይ የተገለጠ ነገር ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሕዋው ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። የጌዴዎንን ጸምር ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማን ሰዎች፣ ጤዛ ሱፍን ሲመርጥ ብናይ እንግዳ አይሆንብንም። ቆርቆሯችንም ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩን ሲያይ ያድራል። የላይኛው ፊቱ ከውጭው አየር ጤዛ ይቀበላል፤ የታችኛው ፊቱ ደግሞ እኛ ከምንልክለት። ለዚህ ነው የእኔ ጣሪያ በክረምት ደኅና ሆኖ በበጋ ያፈሰሰው፤ በክረምት ደመናው ለቆርቆሮው እንደ ጋቢ ነበረ።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? በአራት ነገሮች ጠቅልዬ አቀርበዋለሁ፦ መጠን፣ መንገድ፣ ልብስና ጊዜ።

የመጀመሪያው መጠን ነው። የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ እያረፈ ለሚሠራ የመታጠቢያ ቤት ፋን በሰከንድ 15 ሊትር ይጠይቃል፤ በአሜሪካ የሚሠራበት የአሽሬ 62.2 መስፈርት ደግሞ በሰከንድ 25 ሊትር ያህል፣ ሳያቋርጥ ለሚሠራ ፋን 10 ሊትር። እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «በኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑን ማሳደግ የለብንም ወይ?» እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነገር ግን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ተን የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በአየሩ ግፊት አይደለም። ፋኑም የሚያንቀሳቅሰው ይዘት ከሞላ ጐደል ያው ነው፤ የሚፈጥረው ግፊት ቢቀንስም የቱቦው ተቃውሞ አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ለእርጥበት ጉዳይ በሊትር የተሰጡትን ቁጥሮች እንዳሉ ልንጠቀምባቸው እንችላለን።

ሆኖም ፋን የሚያወጣውን ያህል አየር ወደ ክፍሉ ካልገባ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። በሩ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ከተገጠመ ፋኑ ይጮኻል እንጂ አይሠራም። ስፋቱ 760 ሚሊ ሜትር ከሆነ በር ሥር የ10 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ለአንድ ተራ መታጠቢያ ቤት ይበቃል። አናጢው «በሩ አጠረ» ተብሎ እንዳይወቀስ ክፍተቱ በንድፉ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ባለሙያዎች ዳክት የሚሉት የአየር ቱቦ አጭርና ቀጥተኛ፣ መታጠፊያውም ጥቂት መሆን አለበት። ጠንካራና ውስጡ ልሙጥ ቱቦ ከተጣጣፊው ይሻላል። ተጣጣፊ መጠቀም ግድ ከሆነ ተወጥሮ መዘርጋት አለበት፤ ሊደርስ ከሚችልበት ርዝመት ቢያንስ 90 በመቶ እስኪደርስ። የረገበ ቱቦ ውሃ ያቁራል፤ ያቈረው ውሃ ደግሞ የአየሩን መተላለፊያ ያጠብባል። ቱቦው በግድግዳ በኩል የሚወጣ ከሆነ ከፋኑ ወደ ውጭ በጥቂቱ ያዘቅዝቅ፤ ያኔ የተቋጠረው ጤዛ ወደ ፋኑ ሞተር ሳይመለስ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ወደ ላይ በጣሪያ በኩል የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጤዛው በክብደቱ ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከጣሪያው በታች ጤዛ ማጥመጃ ተገጥሞ ውሃው በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይመራ። በመጨረሻው አፍ ላይ አየር ሲወጣ የሚከፈት፣ ፋኑ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሌሊቱ ብርድ በቱቦው ውስጥ ወደ ቤት ይገባል።

መንገድን በተመለከተ በሠራተኞቻችን ዘንድ የተለመዱ ሁለት አቋራጮች አሉ፤ ሁለቱም መከልከል አለባቸው። አንደኛው የፋኑን ቱቦ ከሽንት ቤቱ መተንፈሻ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ነው። ፋኑ ሲቆም የፍሳሹ ጋዝ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው በአፓርታማዎች ውስጥ ቧንቧ በሚወጣበት የጋራ ሻፍት ውስጥ ቱቦውን ከፍቶ መተው ነው። የአንዱ ቤት እንፋሎት የሌላው ቤት ሻጋታ ይሆናል። እርጥበትን ከራስ ቤት ማስወጣትና ወደ ጎረቤት ቤት መላክ በምህንድስናም በምግባርም አንድ አይደሉም። ሻፍቱ ለአየር ማውጫነት ከተፈለገ ለዚያው ተብሎ ይነደፍ፤ እያንዳንዱ ቤት የማይመልስ ክዳን ይኑረው፤ የሻፍቱም አናት ከጣሪያው በላይ ይከፈት።

ሦስተኛው ልብስ ነው፤ ማለትም የቱቦው ሙቀት መከላከያ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት ያየዋል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። በቱቦው ውስጥ 25 ዲግሪ አየር፣ ከቱቦው ውጭ 10 ዲግሪ አየር አለ እንበል። ያልተሸፈነ ቱቦ ግድግዳ ሙቀቱ በሁለቱ መካከል፣ 17 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ይሆናል። የውስጡ አየር አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ 20 ዲግሪ ግድም ነው። ግድግዳው ከዚህ በታች ስለሆነ ጤዛ ይቋጠራል። አሁን ቱቦውን 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የመስታወት ሱፍ ወይም ተመሳሳይ መከላከያ እንሸፍነው። የሙቀት አስተላላፊነቱ በሜትር በዲግሪ 0.04 ዋት ቢሆን የግድግዳው የውስጥ ፊት ወደ 23 ዲግሪ ይጠጋል። የጤዛ ነጥቡን ስለሚበልጥ ግድግዳው ደረቅ ይሆናል። የ25 ሚሊ ሜትር ልብስ ያመጣው ልዩነት ይህ ነው። ልብሱ ግን ከፋኑ አንገት እስከ መውጫው ሳይቋረጥ መልበስ አለበት፤ በመካከል የተተወ አንድ ስንዝር እንኳ ጤዛ መሰብሰቢያ ይሆናል። ፋኑ ኮርኒሱን በሚያልፍበት ዙሪያ ያለውም ክፍተት ይደፈን፤ በዚያ በኩል እንፋሎት ፋኑን ሳያልፍ በራሱ ጊዜ ወደ ጣሪያው ሥር ይሾልካልና።

አስተውሉ፤ ልብስ ብቻውን አይበቃም። ሰው በሚታጠብበት ሰዓት አየሩ ፈጽሞ ሊጠግብ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጤዛ ነጥቡ ራሱ 25 ዲግሪ ይሆናልና 23 ዲግሪ የሆነ ግድግዳም ይረጥባል። ፋኑ በተነሣባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎችም ቱቦው ገና ቀዝቃዛ ነው። አራተኛው ነገር፣ ጊዜ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፋኑ ሰው ታጥቦ ከወጣ በኋላ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መሥራት አለበት። በዚያ ጊዜ ከሌላው ክፍል የሚመጣው ደረቅ አየር በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ የረጠበውን ያደርቃል። ልብስ ጤዛውን ይቀንሳል፤ ዝቅዝቅታ የተቋጠረውን ይመራል፤ ጊዜ የቀረውን ያደርቃል። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። ፋኑ ከመብራቱ ጋር በአንድ ማብሪያ ከታሰረና መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ከጠፋ ግን፣ ሥራውን ገና ሳይጨርስ እናቆመዋለን። የሰዓት መቈጣጠሪያ ያለው ፋን ይህን ችግር ይፈታል። «መብራት ይፈጃል» ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ 20 ዋት የሚወስድ ፋን በ20 ደቂቃ የሚፈጀው 7 ዋት ሰዓት አይሞላም። ቦይለሩ 40 ሊትር ውሃ በ25 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ የሚፈጀው 1,160 ዋት ሰዓት ያህል ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ አጭር ነገር ልበል፤ ጉዳዩ የነፍስ ነውና። ከሻወሩ በላይ፣ ከወለሉ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ባለው ክልል ውስጥ የሚገጠም ፋን የውሃ ፍንጣቂ የሚችል ይሁን፤ በ12 ቮልት የሚሠራው ይመረጣል፤ ትራንስፎርመሩም ከክልሉ ውጭ ይቀመጥ። መስመሩ ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ ወዲያው በሚያቋርጥ መከላከያ በኩል ይለፍ። ገጠማው ሲጀመር ቆጣሪው ጋ ያለው ዋና ማቋረጫ ይውረድ፤ የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

በመጨረሻ ስለ ርክክብ። እኔ በወጣትነቴ ያደረግሁት የወረቀት ፈተና የሚያሳየው ፋኑ እንደሚስብ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደሚስብና የሳበውን ወዴት እንደሚያደርሰው አይናገርም። ከእንግዲህ የምትፈርሙ ሁሉ ሦስት ነገር ሳታደርጉ አትፈርሙ። ከቤቱ ውጭ ዙሩና በመውጫው አፍ ላይ እጃችሁን አኑሩ፤ አየሩ ይሰማችሁ። ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናችሁ ተከተሉ። የአየሩን ፍጥነት በመሣሪያ ለኩ፤ በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 15 ሊትር የሚያልፍ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 1.9 ሜትር መሆን አለበት። ከዚህ እጅግ ካነሰ አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ታንቋል።

ውድ ተማሪዎች፤ በንድፋችሁ ላይ የመታጠቢያ ቤት ፋን አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት ናት። ከምልክቷ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሄደውን መስመር ካልሣላችሁ፣ መስመሩን የሚሥለው ቸኩሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ የተነሣ የቀን ሠራተኛ ነው። እርሱን አልወቅስም፤ ማንም ወዴት እንደሚያደርሰው አልነገረውም። በእኔ ቤት ቱቦውን እንጨት ላይ አጋድሞ የሄደው ወጣት የእኔን ንድፍ በትክክል ፈጽሟል፤ በእኔ ንድፍ ላይም ቱቦው አልነበረም። የጥፋቱን ዋጋ ግን የከፈሉት ከሁላችን በላይ ሥራቸውን በሚገባ የሠሩት ሽማግሌ ናቸው።

ስለዚህ ወደፊት አንድ ኮርኒስ አፈሰሰ ተብላችሁ ስትጠሩ፣ ጣትን ወደ ሰው ከመቀሰር በፊት ያን ሰው መሰላሉ ሥር የጠየቁኝን ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዝናብ ከዘነበ ስንት ጊዜ ሆነው?